ማኅተም የሌለው ዲስክ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ወላይታ ሶዶ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ በጌም ቤት ያደገ ትውልድ አላት። መጋረጃ የተጣለበት ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ የልጅ መዓት። የተሸነፈ ይነሣል፤ ያሸነፈ ይቀመጣል። ያን ዘመን ያጫወተው ጥቁር ሣጥን፣ ፕሌይስቴሽን 2፣ ዛሬ ቦታውን ለአዲሶቹ ማሽኖችና ለስልክ ለቅቋል። አልጋ ሥር ወይም የጠጋኝ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ይህን ሣጥን አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ቢያገኘው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ይኼ ነገር ኮምፒውተር ከሆነ፣ እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም ባዶ ዲስክ ላይ ቀድቼ ብከትበት ያሠራልኛል?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ማሽኑ ይችላል፤ የሚከለክለው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ደግሞ ፕሮግራሙ ይጥቀም አይጥቀም ግድ የለውም። የሚያየው ማኅተም ብቻ ነው። ረጅሙ መልስ ግን እንደየማሽኑ ይለያያል፤ ይህ ጽሑፍም የሚያስተዋውቀው እነዚያን ማሽኖችና በሮቻቸውን ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቤት ጠመቃ

እንዲህ ያለው ፕሮግራም በዓለም ላይ የሚታወቀው ሆምብሪው በሚል ስም ነው። ቃሉ የመጣው ከመጠጥ ነው፤ ፋብሪካ ያላየው፣ ቤት ውስጥ የተጠመቀ ማለት ነው። ወላይታ ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። ቦርዴ የምትጠምቅ እናት ከቢራ ፋብሪካ ፈቃድ አልጠየቀችም፤ እህሉ አላት፣ ጋኑ አላት፣ ሙያው አላት። ሆምብሪውም እንዲሁ ነው። ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ሳያዘው፣ ሳይከፍለውና ሳይፈቅድለት፣ አንድ ሰው ለራሱ ወይም ለባልንጀሮቹ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ የፊልም ማጫወቻ፣ የፋይል ማስተዳደሪያ ወይም ለታናሽ ወንድም የማባዣ ሰንጠረዥ ማስጠኛም ሊሆን ይችላል።

ከጅምሩ መለየት ያለበት ነገር አለ። የተሰረቀ ጨዋታ ሆምብሪው አይደለም። የፋብሪካ ቢራ እንስራ ውስጥ ስለተገለበጠ ቦርዴ አይሆንም።

ፍላጎቱ መኖሩን ኩባንያዎቹም ያውቁ ነበር። ሶኒ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ «ኔት ያሮዜ» የተባለ ጥቁር ፕሌይስቴሽን አውጥቶ ነበር። ዋጋው 750 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ገዢው በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍበትን መሣሪያ አብሮ ያገኝ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ ወደ ማሽኑ የሚገባው ከኮምፒውተር በተዘረጋ ገመድ እንጂ በተቀዳ ዲስክ አልነበረም። በ2002 ለፕሌይስቴሽን 2 የሊኑክስ ጥቅል ከነኪቦርዱ፣ ከነማውሱና ከነ40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስኩ ሲሸጥም ነገሩ ያው ነበር። ኩባንያው እልፍኙን ያሳያል እንጂ ቁልፉን አይሰጥም።

ታትሞ የወጣና ተቀድቶ የወጣ

ማኅተሙን ከማየታችን በፊት ዲስኩን እንይ። ከፋብሪካ የሚወጣ ሲዲ ይታተማል። በፕላስቲኩ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች በአንድ ረጅም ጠመዝማዛ መስመር ላይ ይቀረጹና በላዩ ስስ አልሙኒየም ይቀባል። መስመሩ ከመሐል ወደ ዳር እየዞረ የሚሄድ ሲሆን፣ ቢተረተር 5 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የማሽኑ ሌዘር ይህን መስመር እየተከተለ ብርሃኑ ሲመለስና ሳይመለስ እያየ ያነባል።

ባዶ ሲዲ ጉድጓድ የለውም። በምትኩ ለሙቀት የሚታዘዝ ቀለም ተቀብቷል። የኮምፒውተሩ ሌዘር ቀለሙን በነጥብ በነጥብ እያጋለ ያጠቁረዋል። እኛ «መቅዳት» የምንለውን ፈረንጆቹ «ማቃጠል» ማለታቸው ለዚህ ነው። ለአንባቢው ሌዘር ጥቁሩ ነጥብ ጉድጓድ መስሎ ይታየዋል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ሌንሱ ሲያረጅ ነው። የታተመ ሲዲ ከሚያርፍበት ብርሃን 70 በመቶውንና ከዚያ በላይ ይመልሳል። የተቀዳው ከዚህ ትንሽ ያንሳል። እየተፋቀ ደጋግሞ የሚጻፈው የአርደብልዩ ዲስክ ግን የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ የድሮ ማሽኖች ጭራሽ አያዩትም። ስለዚህ አንድ ዲስክ አልከፍት ሲል ሁለት ጥያቄ አለ፦ ማሽኑ አላየውም? ወይስ አይቶ አልተቀበለውም? የመጀመሪያው የዓይን ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የማኅተም። ብዙ ሰው ሁለቱን እያምታታ ጤነኛ ሌንስ ያስቀይራል።

በር የሌላቸው ቤቶች

የመጀመሪያዎቹ ሲዲ የሚያነቡ የጨዋታ ማሽኖች በራቸው ክፍት ነበር። በ1988 በጃፓን የወጣው የፒሲ ኤንጅን ሲዲ፣ በ1991 የወጣው የሴጋ ሜጋ ሲዲ፣ በ1993 የወጣው ስሪዲኦ፣ በ1994 የወጣው ኒኦ ጂኦ ሲዲ፤ እነዚህ ሁሉ የተቀዳን ዲስክ ከታተመው የሚለዩበት ማኅተም የላቸውም። ሜጋ ሲዲ የሚያየው ዲስኩ የየትኛው አህጉር መሆኑን ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ለእነዚህ ማሽኖች ፕሮግራም ጽፎ እንደየማሽኑ ደንብ በሲዲ ቢቀዳ፣ ሌንሱ እስከሠራ ድረስ ይከፍታሉ።

ኩባንያዎቹ የዋህ ሆነው አይደለም። በዚያ ዘመን ሲዲ መቅጃ ማሽን ሰው ቤት የሚገባ ዕቃ አልነበረም። ኤችፒ ከ1000 ዶላር በታች የሚሸጥ መቅጃ ያወጣው በ1995 ነው። 650 ሜጋባይት ገደማ የሚይዝ ዲስክ ራሱ ቁልፍ ነበር፤ ማን ሊቀዳው? መቅጃው ሲረክስ ግን ቁልፉ አብሮ ረከሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት ማሽኖች ዘበኛ ቀጠሩ።

የተወላገደው መስመር

ከቀበሌ እስከ ዞን ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ያውቀዋል። ደብዳቤ ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ ክብ ማኅተም ከሌለው ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቢደረግ ፊደሉ በሙሉ ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ተጫኖ የወጣው እብጠት ግን አይመጣም። በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የተጠቀመው በትክክል ይህንን ነው።

ሶኒ በሚያሳትማቸው ዲስኮች ውስጠኛ ዳር ላይ ያ ጠመዝማዛ መስመር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ይወላገዳል። ሌዘሩ መስመሩን ለመከተል ግራና ቀኝ ሲል፣ ማሽኑ ከመወላገዱ አራት ፊደላት ያነባል። ለአውሮፓ «ኤስ ሲ ኢ ኢ»፣ ለአሜሪካ «ኤስ ሲ ኢ ኤ»፣ ለጃፓን «ኤስ ሲ ኢ አይ»። ፊደላቱ ከራሱ አገር ፊደል ጋር ከተስማሙ ይከፍታል፤ ካልተስማሙ ወይም ከሌሉ አይከፍትም።

ኮምፒውተር ላይ ያለ መቅጃ ይህን ማኅተም ለምን አይቀዳውም? ባዶ ዲስክ ሲሠራ መስመሩ ከፋብሪካ ተቀይሶ ነው የሚመጣው። መቅጃው የሚጽፈው በተቀየሰለት መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱን ራሱን ማጣመም አይችልም። የዲስኩን መረጃ አንድም ሳይቀር ቢገለብጠው እንኳ ማኅተሙ መረጃው ውስጥ ስላልነበረ አይመጣም። የፕሌይስቴሽን ዲስክ ሆዱ ጥቁር መሆኑም ብዙ ሰው እንደሚያምነው ቁልፍ አይደለም፤ መለያ መልክ ነው።

ጌም ቤቶች ያወቁት መፍትሔ «ቺፕ» ነው። ስምንት እግር ያላት ኢምንት ነገር፣ ብዙ ጊዜ ፒክ 12ሲ508 የምትባለው፣ በጥቂት ቀጫጭን ገመዶች ከማሽኑ ሰሌዳ ጋር ትበየዳለች። ሥራዋ አንድ ነው፦ ዘበኛው ማኅተም ሲጠይቅ እነዚያን አራት ፊደላት ደጋግማ መጥራት። ገመድ መበየድ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያስታውቀውን ቁልፍ ተጭኖ ይይዝና፣ ማሽኑ እውነተኛውን ዲስክ መርምሮ ሲጨርስ በቅጽበት በተቀዳው ይለውጣል። ዘዴው ይሠራል፤ ግን የሚሽከረከር ዲስክ በእጅ ማውጣት ሌንስም ሞተርም ይጎዳል።

ከሁሉ የሚገርመው ሦስተኛው መንገድ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ፕሌይስቴሽኖች ሲዲ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሶኒ ራሱ የደበቀው የኋላ በር ተገኘ። መቆጣጠሪያው በተከታታይ ትእዛዝ «ፈቃድ የተሰጠው በሶኒ ኮምፒውተር ኢንተርቴይንመንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከነአህጉሩ ስም ከተነገረው፣ ማኅተም መጠየቁን ይተዋል። የጃፓኑ ማሽን ግን ይህን በር አይከፍትም። በ2021 ማርኮስ ዴል ሶል ቪቬስ የተባለ ፕሮግራመር «ቶኒሃክስ» የተባለ ሆምብሪው በዚህ በር ላይ መሠረተ። በሚሞሪ ካርድ ላይ የተቀመጠ የቶኒ ሆክ ስኬትቦርድ ጨዋታ ፋይል ሲከፈት፣ ጨዋታው ይሰናከልና ቶኒሃክስ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመቆጣጠሪያው ይነግርና የተቀዳውን ዲስክ ያስነሣል። ቺፕ የለ፣ ብየዳ የለ። በዚያው ዓመት ጨዋታው ራሱ ሳያስፈልግ፣ የሚሞሪ ካርዱን ዝርዝር ገጽ በመክፈት ብቻ የሚነሣ ሌላ ዘዴም ወጣ።

ስለዚህ ከ102 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን መልሱ ይህ ነው፦ ብቻውን የተቀዳ ዲስክ አይከፍትም፤ በቺፕ ወይም በሚሞሪ ካርድ ግን ይከፍታል።

ዘፋኙን ማን ይጠይቃል?

ሠርግ ቤት ጥሪ ካርድ የማይጠየቅ ሰው ቢኖር ዘፋኙ ነው። የጨዋታ ማሽኖችም የተረቱት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ሴጋ በኖቬምበር 1998 ድሪምካስት የተባለ ማሽን አወጣ። በ200 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንጎልና 16 ሜጋባይት ሚሞሪ ነበረው። ለመከላከያ ብሎ 1 ጊጋባይት ገደማ የሚይዝ የራሱን ዲስክ ፈጠረ፤ ማንም ተራ ሲዲ ላይ ሊገለብጠው አይችልም ብሎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ማሽን ሚል ሲዲ ለተባለ፣ ዘፈንን ከሚነካካ ምስል ጋር ለሚያቀርብ የሙዚቃ ዲስክ ትንሽ በር ተወ። ይህ ዲስክ ተራ ሲዲ ነበር። በጁን 2000 ዩቶፒያ የተባለ ቡድን በዚያች በር ማንኛውም ፕሮግራም መግባት እንደሚችል አሳየ። ለሙዚቃ ተብሎ የተተወው በር ማሽኑን ገለጠው። ሴጋ ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ባወጣቸው ማሽኖች ላይ በሩን ቢዘጋም አልጠቀመውም። በ2001 ምርቱን አቆመ፤ የተሸጠውም 9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በእኛ አገር ጌም ቤቶች ድሪምካስት ብዙም ስሙ አልተሰማም፤ በዓለም የሆምብሪው ሰዎች ዘንድ ግን የተወደደ ነው። ባዶ ሲዲ ብቻ ይበቃዋል። «ካሊስቲኦኤስ» የተባለው የፕሮግራም መሣሪያ ስብስብም እስከ ዛሬ እየታደሰ ነው።

በ1994 የወጣው የሴጋ ሳተርን ማኅተሙን በዲስኩ ውጫዊ ዳር፣ መቅጃ በማይደርስበት ቀለበት ላይ አድርጎ ነበር። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ምስጢሩን ጠብቆ ቆየ። በ2016 የሲዲ መቆጣጠሪያው ምስጢር ሲፈታ ግን መንገዱ የቪዲዮ ሲዲ ፊልም ለሚያሳይ ካርድ የተተወው ማስገቢያ ነበር። አሁን ደግሞ በፊልም በኩል!

ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 2 በማርች 2000 ሲወጣ ብዙ ሰው የገዛው ለጨዋታው ብቻ ሳይሆን ዲቪዲ ፊልም ስለሚያጫውት ጭምር ነው። ለጨዋታ ዲስክ ጥብቅ ማኅተም ይጠይቃል፤ ሠርግህን ቀርጸህ ያስቀዳኸውን ዲቪዲ ግን ያጫውታል፤ ማጫወትም አለበት። በጁን 2020፣ ምርቱ ከቆመ ሰባት ዓመት አልፎት፣ ሲተርት በሚል ስም የሚታወቅ ተመራማሪ «ፍሪዲቪዲቡት» የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረገ። የማሽኑ የፊልም ማጫወቻ የፊልሙን ማውጫ ሲያነብ፣ ፋይሉ «ርዝመቴ ይህን ያህል ነው» ሲለው ሳይመረምር ያምናል። ፋይሉ ከቦታው በላይ ርዝመት ከጠራ፣ ትርፉ ሌላ የሚሞሪ ክፍል ላይ ይፈስና የማሽኑን ሥልጣን ይረከባል። ፊልም መስሎ የገባው ዲስክ ፕሮግራም ሆኖ ይነሣል። ቺፕ አይጠይቅም፤ ሚሞሪ ካርድም አይጠይቅም። የተማሪውን ጥያቄ ቃል በቃል የሚመልሰው ይህ ነው።

የማይክሮሶፍቱ የመጀመሪያው ኤክስቦክስ (2001) ለሆምብሪው የተከፈተው ሆን ተብለው በተበላሹ የጨዋታ ማስቀመጫ ፋይሎች ጭምር ነው። ከእሱ ውስጥ የወጣውን ፍሬ ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ቤቱ አለው። በ2002 ለኤክስቦክስ በቤት የተጠመቀው የሚዲያ ማጫወቻ አድጎ፣ በ2014 ስሙን ለውጦ፣ ዛሬ በየቴሌቪዥኑ ሣጥን ላይ የምናየው «ኮዲ» ሆኗል። ቦርዴው ፋብሪካ አወጣ ማለት ነው።

ሶዶ ላይ ቢሞከር

እንግዲህ ሶዶ ላይ፣ አረካ ወይም ቦዲቲ ላይ የሚገኘው ማሽን ይበልጡን ፕሌይስቴሽን 2 ነው። ሙከራውን የሚያስብ ሰው ከዚህ ይጀምር።

አስቀድሞ ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ያንብብ። የመጨረሻው አኃዝ የመጣበትን ገበያ ይነግረዋል፦ 0 ጃፓን፣ 1 አሜሪካ፣ 4 አውሮፓ። ይህ ለቋንቋ ብቻ አይደለም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። የጃፓኑ ወፍራም ማሽን ለ100 ቮልት፣ የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ቢሰካ በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። ስሊም የሚባለው ቀጭኑ አብዛኛው ከውጭ በሚመጣ 8.5 ቮልት አዳፕተር ይሠራል፤ ከመሰካት በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ማየት ይገባል። የመጨረሻዎቹ የ90000 ተከታታይ ስሊሞች ግን መብራቱን በቀጥታ ወደ ውስጥ ይቀበላሉ።

ቀጥሎ ማሽኑን ያለ ዲስክ ያስነሣና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ትሪያንግሉን ይጫን፤ የዲቪዲ ማጫወቻው ስሪት ቁጥር ይታያል። ስሊሞቹ በሙሉ ለፍሪዲቪዲቡት ይከፍታሉ። ከወፍራሞቹ ግን እንደ ስሪታቸው የሚከፍትም የማይከፍትም አለ። የማሽኑን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መመለስም ይጠቅማል፤ ዘዴው በአንዳንዶቹ ስሪቶች ላይ የተሠራው በዚያ ቋንቋ ነው።

ከዚያ መቅዳት። ዲስኩ ደጋግሞ የማይጻፍበት ተራ ዲቪዲ አር ቢሆን ይመረጣል። በዝግታ ፍጥነት ይቀዳ፤ መጨረሻ ላይም ይዘጋ፤ ያልተዘጋ ዲስክ ማሽኑ አያነበውም። ችግሩ አሁን ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ዲስክ መቅጃ የላቸውም፤ የማሽኑ ሌንስም በጌም ቤት ዘመኑ ቀን ከሌት ሲያነብ የደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዲስኩን የሚጠቀሙበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ መክፈቻ። በዲስኩ ይገባሉ፤ «ዩላውንችኤልፍ» የተባለውን የፋይል ማስተዳደሪያ ይከፍታሉ፤ ከዚያ በ2008 የወጣውን «ፍሪ ማክቡት» ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጭናሉ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በካርዱ ይነሣል፤ ፕሮግራሞቹም ከፍላሽ ይነበባሉ። ፍላሽ ማስገቢያው የድሮው ዩኤስቢ 1.1 በመሆኑ ዘገምተኛ ነው፤ ለጥቂት ሜጋባይት ፕሮግራም ግን ይበቃል። የመጨረሻዎቹ የ90000 ተከታታይ ማሽኖች አብዛኞቹ ፍሪ ማክቡትን ስለማይቀበሉ ከሌላ ዓይነት የካርድ ዘዴ ጋር ይውላሉ።

ቴሌቪዥኑም ይታሰብበት። ከማሽኖቹ ምስልና ድምፅ የሚወጣው በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ ነው። አዲሱ ስማርት ቲቪ ይህ ማስገቢያ ከሌለው የድሮው ሆደ ሰፊ ቴሌቪዥን ለዚህ ሥራ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለምን?

ስልክ በእጁ ያለ ወጣት ለምን በ1994 ማሽን ይደክማል? ምክንያቱ ማነሱ ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና ሚሞሪው 2 ሜጋባይት፣ የምስል ሚሞሪው 1 ሜጋባይት፣ የአንጎሉ ፍጥነት 34 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ጠባብ ቤት የሚኖር ፕሮግራመር እያንዳንዷን ባይት ቆጥሮ ያስቀምጣል። ብዙ መሸፈኛ የለም፤ ያጠፋው ወዲያው ይታያል፤ ያረመውም እንዲሁ።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆመውን ድምፅ እንኳ በ7 ቁጥር ስለሚያመለክት፣ እነዚህ ማሽኖች ከተዘጋጀ እንግሊዝኛ ፊደል ጋር ያለ ምንም ችግር ያሳዩታል። አማርኛ ሲሆን ፕሮግራመሩ ፊደሉን ራሱ መሳል አለበት። ሒሳቡ ግን አያስፈራም። አንድ ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ሰሌዳ ላይ በጥቁርና በነጭ ቢሳል 32 ባይት ይይዛል። ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ጨምረን 300 ምልክት ብንል 9600 ባይት ነው። ከ2 ሜጋባይቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ዘመን ፕሌይስቴሽን አማርኛ ያልተናገረው ስላልቻለ ሳይሆን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ጨዋታውም እንደዚያው ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣው ወላይታ ድቻ ነበር። ለእነዚያ ማሽኖች ከወጡት የፋብሪካ እግር ኳስ ጨዋታዎች በአንዱም ውስጥ «የጦና ንቦች» የሚባሉት የድቻ ተጫዋቾች የሉም። የሚፈልጋቸው ሰው ራሱ መጥመቅ አለበት። እግር ኳሱ ለጀማሪ ከከበደ ገበጣ አለ። ጉድጓዱን በቁጥር ሰንጠረዥ፣ ጠጠሩን በመደመርና በመቀነስ የሚሠራ፣ ለመጀመሪያ ፕሮግራም የሚስማማ ጨዋታ ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታ ለስልክ ሲሠራ ያሳየውም ይኸው ነው፤ የእኛ ዶሮም ጀግና መሆን ትችላለች።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። በየጠጋኙ ቤት የወደቁት ማሽኖች ደግሞ እዚያው አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የታክሲ መንገድ ነው።

የማን ነው?

የሕጉን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ የአእምሮ ሥራ አድርጎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የሌላውን ጨዋታ ቀድቶ መሸጥ በዚህ አዋጅ የሚያስጠይቅ ነው። ነገር ግን አዋጁ ሁለት አፍ አለው። ተማሪው ራሱ የጻፈው የገበጣ ጨዋታም ተጽፎ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ የእሱ ነው፤ መብቱን ለማግኘት ማስመዝገብ አይጠበቅበትም። አንድ ዲስክ ከሌላው ጋር በመልክ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ላዩ ላይ ያለው ሥራ የማን እንደሆነ ነው።

ጠቅለል ሲደረግ፦ ፒሲ ኤንጅን ሲዲ፣ ሜጋ ሲዲ፣ ስሪዲኦና ኒኦ ጂኦ ሲዲ የተቀዳን ዲስክ ሳይጠይቁ ይቀበላሉ። ድሪምካስት ከመጨረሻዎቹ ማሽኖቹ በቀር ይቀበላል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያለ አጋዥ አይቀበልም። ፕሌይስቴሽን 2 ስሊም ከሆነ ዲስኩን ፊልም አድርገው ከሰጡት ይቀበላል። ሳተርን ከሁሉ ይከብዳል።

ቤትዎ ውስጥ የተቀመጠ ካለ፣ ከመጣልዎ ወይም ለቁራሌው ከመሸጥዎ በፊት ገልብጠው የሞዴል ቁጥሩን ያንብቡ። ከዚያም ፕሮግራም መማር የጀመረ የጎረቤት ልጅ ካለ ለእሱ ይስጡት፤ አዳፕተሩንም አይርሱ።